ያረገዘች ባዝራ ውድማ አትግባ

አዝመራው እንዴት ይዟችኋል? ጥቅምት ገብቷል፤ ጭቃው ደርቋል፤ ጤፉም ስንዴውም ወደ መድረሱ ነው። ሁልጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ወተት ላም፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር ነው። ዛሬ ግን ስለ ባዝራ ልጽፍ ነው። ይኼ እንደወትሮው ምክር ብቻ አይደለም፤ የራሴ አቋም አለበት። ልትቆጡኝ ትችላላችሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩን ከአንድ ውድማ ልጀምር። አምና ጥር ላይ ከሳሪስ ተነስቼ በቂሊንጦ በኩል ወዳሉት አርሶ አደሮች ወረድኩ። አንድ ግቢ ጀርባ ስንዴ እየተወቃ ነበር። አራት በሬና ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን ታስረው ነዶው ላይ ይዞራሉ፤ ልጆቹ ከኋላ እየጮኹ ይነዳሉ። ከዳር ያለችው ፈረስ ባዝራ ናት። ዳር ያለው ደግሞ ሰፊውን ክብ የሚዞረው፣ አብዝቶ የሚሮጠው ነው። ሆዷ ወርዷል፤ ጎኗ በላብ ርሷል።

"አባባ፣ ይቺ ባዝራ እርጉዝ ናት እኮ" አልኳቸው።

"አዎ ልጄ፣ አሥረኛ ወሯን ሳትይዝ አትቀርም። ዛሬን ብቻ ነው፤ ምርቱ ሜዳ ላይ አይደር ብለን ነው" አሉኝ።

"እንግዲህ ይጠንቀቁላት" አልኩና የቀረበልኝን ጠላ ቀምሼ ሄድኩ። ሌላ ምንም አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ውርንጭላው ሞቶ ወድቋል። የእንግዴ ልጁ ከወደቀበት ሌሊት ጀምሮ አልወጣም። ሐኪም ይዤ ስደርስ ባዝራዋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ግቢው ሁሉ ይሸታል። በመድኃኒት ተረፈች። ነገር ግን ከማህፀኗ የተነሳው መርዝ ወደ ሰኮናዋ ወረደና የፊት እግሮቿ ተበላሹ። ዛሬ ግቢ ውስጥ ቆማ ትውላለች እንጂ ኩንታል አትጭንም። እኒያ አባት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ፈረስ አጡ፤ አንዱን ከመወለዱ በፊት፣ አንዷን ቆማ።

ሲሸኙኝ ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ልጄ፣ የዚያን ቀን ፍታት ብትለኝ ኖሮ እፈታት ነበር።"

ይኼ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። እንግዲህ አምና ያላልኩትን ዘንድሮ በአደባባይ እላለሁ፦ ካረገዘች 8 ወር የሞላት ባዝራ ውድማ አትግባ፤ ጋሪ አትጎትት፤ ኩንታል አትጫን። ይኼን ማድረግ የማይችል ሰው ባዝራውን አያስጠቃ። አቋሜ ይኼው ነው።

ልክ ነው፣ ባዝራ በሥራ ብቻ አታስወርድም። መንታ ስትይዝ ታስወርዳለች፤ በበሽታ ታስወርዳለች፤ በረሃብም ታስወርዳለች። ግን እኛ ዘንድ እነዚህ ነገሮች ተለያይተው አይመጡም። በጥር ሜዳው ደርቋል። ባዝራዋ የጤፍ ጭድ ብቻ በልታ፣ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ውላ፣ ውሃ አንዴ ጠጥታ ታድራለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ሽል ደግሞ ዋናው ዕድገቱ ያኔ ነው። ከውርንጭላው የልደት ክብደት ግማሽ በላይ የሚሆነው የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ማለትም ባዝራዋ አብዝታ መብላት ባለባት ጊዜ እኛ አብዝተን እናሠራታለን። ይኼ ሒሳብ እንዴት ሊገጥም ይችላል?

አገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ እንዳላት ይነገራል። ፈረስ ደግሞ እናከብራለን። ዐፄ ምኒልክ "አባ ዳኘው"፣ ራስ አሉላ "አባ ነጋ"፣ ደጃዝማች ባልቻ "አባ ነፍሶ" እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አገር ይደምቃል። ግን ያን ሁሉ ፈረስ የወለደችው ማን ናት? በቅሎ "አባትሽ ማነው?" ስትባል "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች ይባላል። ሁላችንም አባቷን ደበቀች ብለን እንስቃለን። እናቷን ግን የጠየቃት የለም። እናቷ ባዝራ ናት። ገበያ ላይ ፈረሱም በቅሎውም ሲያምር ገዢው የሚያመሰግነው ሻጩን ነው፤ ባዝራዋ እቤት ጭነት ላይ ናት።

አሁን ወደ እናንተ ክርክር ልምጣ፤ ምክንያቱም አውቀዋለሁ። "አንተ ደሞዝተኛ ነህ። እኔ ባዝራዋን ሦስት ወር ባስቀምጣት እህሌን ማን ወደ ወፍጮ ይወስድልኛል? ውሃስ? ለባጃጅ የምከፍለው ከየት ይመጣል?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የግጦሹም ነገር ያው ነው። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ በቂሊንጦ ፋብሪካ ሲሠራ ድሮ ፈረስ የምንለቅበት ሜዳ ጠብቧል። ድርቆሽ በገንዘብ ሆኗል። በዚህ ኑሮ ላይ ፈረስ ማሳረፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

ግን እስቲ በሌላ በኩል እዩት። ባዝራ ውርንጭላ እንድትሰጣችሁ 11 ወር ትሸከማለች። ያ ውርንጭላ አድጎ ለሥራ ወይም ለገበያ እስኪደርስ ሌላ ሦስት ዓመት ግድም ነው። የአራት ዓመት ልፋት ለሦስት ወር ሥራ ተብሎ ይበላሻል። እኒያ አባት ያን ቀን ያተረፉት የአንድ ቀን ሩጫ ነው። የከሰሩትን አሁን ነገርኳችሁ።

መፍትሔው ያለው ባዝራዋ ከመጠቃቷ በፊት ነው። ከተጠቃች በኋላ የሚመጣ ምክር ግማሹ ጸጸት ነው። ስለዚህ ከወሩ ልጀምር።

አብዛኛው ሰው ወር አይመርጥም። ባዝራ ሜዳ ላይ ትለቀቃለች፤ ያገኘ ድንጉላ ያጠቃታል፤ ሆዷ ሲገፋ "አሃ፣ ይዛለች" ይባላል። መጋቢት ላይ የተጠቃች ባዝራ የካቲት ላይ ትወልዳለች። የመጨረሻዎቹ ወሮቿ ታዲያ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይውላሉ፤ ማለትም ልክ አጨዳና ውቂያ ላይ። አምና የሆነው ይኼ ነው። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ማንም ስላልቆጠረ ነው።

እኔ የምመክራችሁ ጥቅምት ላይ እንድታስጠቁ ነው። አሁን ማለት ነው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ የባዝራ እርግዝና በአማካይ 340 ቀን ነው። በተጠቃችበት ቀን የዛሬ ዓመት በሉና 25 ቀን ቀንሱ። ጥቅምት 10 ከተጠቃች መስከረም 15 አካባቢ ትወልዳለች። ከ320 እስከ 365 ቀን ድረስ ሊሄድ ስለሚችል ከነሐሴ 30 ጀምራችሁ ተዘጋጁ፤ እስከ ጥቅምት 10 ብትቆይም አትደንግጡ። 8 ወሯ የሚሞላው ሰኔ 10 ነው። ከሰኔ 10 እስከ መስከረም ምን ሥራ አላት? በእኛ መረሬ አፈር ላይ በክረምት ጋሪም አይሄድ፣ ውድማም የለ። እርሻው የበሬ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ሣር አለ። ስትወልድም ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ወተቷ ይሞላል። ታኅሣሥና ጥር ውቂያ ሲመጣ ውርንጭላው ሦስት አራት ወር ስለሚሆነው እናቱ ቀላል ሥራ ልትነካካ ትችላለች። እንግዲህ ሦስቱን የዕረፍት ወራት ሥራ በሌለበት ወቅት ላይ ማዋል ይቻላል። ከኪሳችሁ የሚወጣው ያን ያህል አይደለም፤ ቀን መቁጠር ብቻ ነው።

ቀኑን ደግሞ ጻፉት። ሁላችሁም ስልክ ይዛችኋል አይደል? የተጠቃችበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ድንጉላ የምትፈልግ ባዝራ ጅራቷን ታነሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ ወደ ድንጉላው ትጠጋለች። ይኼ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆይና ካልያዘች በ21 ቀን ገደማ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ካልተመለሰባት ይዛ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም በእጅ መርምሮ ያረጋግጥላችኋል።

ድንጉላውንም ምረጡ። እዚህ ላይ በጣም እንሳሳታለን። ጥሩ ጥሩውን ወጣት ፈረስ ለጋሪ እንሸጠዋለን፤ መንደር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው፤ ባዝራዎቻችንን የሚያጠቃውም እሱ ነው። ከዚያ "ፈረሱ እያነሰ መጣ" እንላለን። በሬ ስንገዛ ጥርሱን፣ ትከሻውን፣ ሰኮናውን አይተን አይደል? ለድንጉላም እንደዚያው ነው። እግሩ ቀጥ ያለ፣ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ ዓይኑ ንጹሕ፣ ጠባዩ የተረጋጋ ይሁን። የባዝራዋ አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ አይሁን። የሰላሌ ፈረስ ለግልቢያም ለጋሪም ይፈለጋል፤ መንደራችሁ ውስጥ የዚያ ዘር ያለው ሰው ካለ ጥቂት ከፍሎ ማስጠቃት ኪሳራ አይደለም። ባዝራዋም ቢያንስ 3 ዓመት ይሙላት፤ በጭድ ላደገችው ደግሞ 4 ይሻላል።

ስለ ድንጉላ ሳነሳ አንድ በሽታ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በግንኙነት የሚተላለፍ የፈረስ በሽታ አለ፤ ባለሙያዎች ዱሪን ይሉታል። በአርሲና በባሌ ደጋ መኖሩ በምርምር የተረጋገጠ ነው። የብልት ማበጥና ፈሳሽ ያመጣል፤ ቆዳ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እብጠት ይወጣል፤ ፈረሱ እየበላ ይከሳል፤ በኋላ የኋላ እግሩ ይደክምና ይወድቃል። ክትባት የለውም። ስለዚህ ከሩቅ ገበያ የመጣ፣ ታሪኩን የማታውቁት ድንጉላ ባዝራችሁ ላይ አይውጣ። ብልቱ ያበጠ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ድንጉላ ካያችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውንም አትርሱ። ክረምቱ ሲወጣ የሚበዙ ደቃቅ ተናካሽ ዝንቦች ያስተላልፉታል። ዓይን ላይና ጭንቅላት ላይ እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከአፍንጫ አረፋ ካያችሁ ለነገ አትበሉ። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ፣ ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። ባዝራዋን ከማስጠቃታችሁ ቀደም ብላችሁ አስከትቡ፤ ካረገዘች በኋላ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አታስከትቡ። የተከተበች እናት መከላከያውን በእንገሯ ለውርንጭላው ታካፍለዋለች። ዝንቦቹ የሚናከሱት ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ መስከረምና ጥቅምት ላይ እናትና ልጁን ፀሐይ ሳትገባ ወደ ቤት አስገቡ፤ በራፉ ላይ ጥቂት ጭስ ይረዳል።

ወደ መኖው ልለፍ። ፈረስ እንደ ላም አያመሰኳም፤ ጨጓራው ትንሽ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጡ። የእኛ አገር መካከለኛ ባዝራ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ድርቆሽ ወይም የዚያን ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ከሰኔ ጀምሮ ባሉት ሦስት ወራት በዚያ ላይ ከ1 እስከ 1 ተኩል ኪሎ የተፈጨ ገብስ፣ ፉርሽካና ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅላችሁ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ስጧት። አሞሌ ጨው አጠገቧ ይኑር። ውሃ በቀን አንድ ጀሪካን ተኩል ቢያንስ፤ ስትወልድና ስታጠባ ከዚያ በላይ።

የማይሰጠውንም ልንገራችሁ። ፉርሽካ ብቻውን መኖ አይደለም፤ ሁልጊዜ እሱን ብቻ የምትበላ ፈረስ አጥንቷ ይጎዳል። የሻገተ ጭድ ያረገዘች ባዝራ አፍ አይግባ። የጓያ ፍሬ ሰውን እንደሚያሽመደምድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈረስንም የኋላ እግሩን ይይዘዋል፣ ትንፋሹንም ያፍነዋል። የዶሮ መኖ የተረፋችሁ ካለ ለፈረስ አትስጡ፤ አንዳንዱ ለዶሮ በሽታ የሚጨመርበት መድኃኒት ፈረስ ይገድላል። ሳሪስና ቃሊቲ መንገድ ዳር የምትለቋቸው ደግሞ ፌስታል እየዋጡ ሆዳቸው ተቆልፎ እንደሚሞቱ ስንቴ አይተናል!

አሳርፉ ስል ግን አስራችሁ አቁሙ ማለቴ አይደለም። ባዝራ መራመድ አለባት። ሜዳ ላይ ትዋል፤ ሁለት ጀሪካን ውሃ በእርጋታ ይዛ ብትመጣም አይጎዳትም። የምከለክለው ሩጫ፣ ኩንታል፣ ጋሪና ውድማ ነው።

የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ እሷ ራሷ ትነግራችኋለች። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ግቷ ይሞላል። ቀናት ሲቀሯት በጅራቷ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ይላላል። አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት ጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ይደርቃል። ይኼን ካያችሁ ሜዳ አታድር። ባዝራ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ሌሊት ነው፤ የአቃቂ ወንዝ ዳር ጅብ ደግሞ የደም ሽታ ከሩቅ ያውቃል። ደረቅ ጭድ የተጎዘጎዘበት፣ እሷ ተኝታ ለመዞር የሚበቃ፣ ሚስማርና ሽቦ የሌለበት ቦታ አዘጋጁ። ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ አዮዲን፣ ባትሪና የሐኪም ስልክ ቁጥር አጠገባችሁ ይሁን።

ከዚያ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ሰው ሲከባት ምጧን ትይዛለች። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለበት። ላም ሰዓት ትወስዳለች፤ ባዝራ አትወስድም። ሁለት የፊት እግሮችና አፍንጫ በነጭ ሽፋን ውስጥ ካልታዩ ወይም ግማሽ ሰዓት ካለፈ ሐኪም ጥሩ። በነጩ ፈንታ እንደ ከፋይ ያለ ቀይ ሽፋን ቀድሞ ከመጣ ግን ሐኪም እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ወዲያው ቅደዱት፣ ውርንጭላው አየር እያጣ ነው። እትብቱን አትቁረጡ፣ ራሱ ይበጠስ። ከተበጠሰ በኋላ አዮዲን ንከሩት፤ መንጋጋ ቆልፍና የእትብት ቁስለት የሚገባው በዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ቁጥር ብቻ ያዙልኝ፦ 1፣ 2፣ 3። በ1 ሰዓት ውርንጭላው ይቁም። በ2 ሰዓት ይጥባ። በ3 ሰዓት የእንግዴ ልጁ ይውጣ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ደውሉ። እንገሩ "ቆሻሻ ወተት ነው" ተብሎ የሚታለብበት ቤት አለ፤ እባካችሁ ይኼን ተዉ። ውርንጭላ ሲወለድ የበሽታ መከላከያ በደሙ ውስጥ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱ ያን የሚቀበለው ደግሞ የመጀመሪያውን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ከሁሉ በላይ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት። የእንግዴ ልጁ ቢንጠለጠል አትጎትቱት፤ ድንጋይም አትሰሩበት። የእኒያን አባት ባዝራ ሰኮና ያበላሸው ከ3 ሰዓት በላይ መቆየቱ ነው። እሳቸው ደግሞ ላም አንድ ቀን እንደምትቆይ ስለሚያውቁ ነው የጠበቁት። ባዝራ ላም አይደለችም። ይኼን አስቀድሞ መንገር የእኔ ሥራ ነበር።

አሁንም "ሥራውን ማን ይሥራልኝ?" የሚለው ጥያቄ አለ። መልሱ ከአባቶቻችን ዘንድ አለ፤ ወንፈል። ለእርሻና ለአጨዳ ወንፈል እንገባ የለም እንዴ? ለፈረስ ለምን አንገባም? በአንድ መንደር ሦስት አራት አባወራ ተነጋግሮ የአንዱ ባዝራ ስታርፍ የሌላው ፈረስ እህሉን ወደ ወፍጮ ያድርስለት፤ ተራው ሲደርስ ይመልሳል። ሁሉም በአንድ ዓመት አያስጠቁ፤ በየተራ ይሁን። ሥራ ለሚበዛባት ባዝራ በሁለት ዓመት አንድ ውርንጭላ ይበቃታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ፈረስ ተዋዋሱ እንጂ ልባብና የጋሪ ዕቃ አትዋዋሱ። ያ ቆዳ ላይ እየፈነዳ የሚሄደው የጋሪ ፈረስ እባጭ ከቁስል ወደ ቁስል በዕቃ ይተላለፋል።

ለመኖው ደግሞ ከተጠቃችበት ቀን ጀምሮ በቀን 20 ብር አስቀምጡ። በ8 ወር፣ ማለትም በ240 ቀን 4,800 ብር ይሆናል። ድርቆሹን ደግሞ ሰኔ ላይ ሲወደድ ሳይሆን ከአጨዳ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግዙት። ይኼን ያህል ማስቀመጥ የማይችል ሰው ዘንድሮ ባያስጠቃ ይሻላል። ነውር የለውም። ቀለበት መንገዱ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች መኪና መሀል ቆመው ታያላችሁ። ታስቦበት ያልተወለደና ታስቦበት ያልተያዘ ፈረስ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ያ ነው።

እኛ ባለሙያዎችስ? እኛም አለብን። ለላም ማዳቀያ አለ፣ ለዶሮ ፓኬጅ አለ፣ ለንብ ሥልጠና አለ። ለፈረስ ምን አለ? እኔ ራሴ በወሰድኳቸው ሥልጠናዎች ስለ ባዝራ የሰማሁት አንድ ሰዓት አይሞላም። በየወረዳው የተመረመረ፣ ከበሽታ ነጻ የሆነ አንድ ድንጉላ ቢመዘገብ፤ የክትባት ዘመቻ ሲወጣ ከላሙ ጋር ፈረሱ ቢቆጠር፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርባችን ስለሆነ ባለሙያዎቹ ለእኛ ለልማት ሠራተኞች አንድ ሁለት ቀን ስለ ፈረስ አዋላጅነት ቢያሳዩን ብዙ ይለወጥ ነበር። ይኼን ለአለቆቼም እላለሁ። እስከዚያ ግን ባዝራዋ ያለችው በእናንተ እጅ ነው።

እኒያን አባት በቀደም አገኘኋቸው። ሌላ ባዝራ ሊገዙ አስበዋል። "የምታስጠቃትን ወር አንተ ቁጠርልኝ" አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ ጥቅምት ላይ ምልክት አደረግኩላቸው፤ ቀጥሎ ሰኔ ላይ "ሥራ ይቅር" ብዬ ጻፍኩ፤ መስከረም ላይ ደግሞ የሐኪሙን ቁጥር።

እናንተም ዛሬ ማታ በረት ስትገቡ ባዝራችሁን ሆዷን ዳስሱ፤ መቼ እንደተጠቃች ቁጠሩ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ 8 ወር የሚሞላት ከሆነ ከአሁኑ ለውድማው ሌላ ፈረስ ፈልጉ። ጎረቤት "ዛሬን ብቻ ነው" ሲል ከሰማችሁ ደግሞ እንደ እኔ "ተጠንቀቁላት" ብላችሁ አትለፉ። "ፍታት" በሉት።

መልካም አዝመራ ይሁንላችሁ።